«ሁሉም ደህና» የምትል ብጣሽ ወረቀት

ጥቅምት 6 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኛ ሁላችንም በአምላክ ቸርነት ደህና ነን፤ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። ይህችን ዓረፍተ ነገር የገለበጥኩት ከእናቴ አፍ ነው። እኔማ በፎቶ ብቻ የማውቀውን አጎት እንዴት እንደሚናፍቁት ገና አልተማርኩም። አይቆጡኝ፤ ምላሴ የአባቴ ሳይሆን የእናቴ ነው ይላሉ።

ወሬው እነሆ፦ የኮሌጃችን ሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ካፒቴን ሆኛለሁ። ተመርጬ አይደለም፣ ተርፌ ነው። አብረውኝ ከገቡት አምስት ልጆች አንዷ አገባች፣ ሁለቱ ፈተና ወደቁ፣ አንዷ ትከሻዋን ታመመች፣ አንዷ ደግሞ «ኳስ ሰለቸኝ» ብላ አንድ ቀን ሳትመጣ ቀረች። አራተኛ ዓመት የሚባል ፍጡር ቡድኑ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። አሰልጣኙ ፊሽካውን አንገቴ ላይ አንጠልጥሎ «በይ አንጋፋዋ፣ ከእንግዲህ እነዚህ ያንቺ ናቸው» አለኝ። ልጆቹ ከዚያን ቀን ጀምሮ «እማማ» ይሉኛል። የሃያ ሁለት ዓመት እማማ!

እማማነት ይህን ያህል ጉልበት የሚጨርስ ሥራ መሆኑን አላውቅም ነበር። ኳስ እነፋለሁ፣ አውቶቡስ ላይ ማን ከማን ጋር እንደማይቀመጥ አስታውሳለሁ፣ ለተኮራረፉት እሸመግላለሁ። መረቡ ሲበጠስ አባዬ ኮት በሚሰፋበት ሰም የተቀባ ክር እጠግነዋለሁ። የልብስ ሰፊ ልጅ መሆን ለዚህ በጀኝ።

እርስዎ በዚሁ ኮሌጅ የወንዶቹ ካፒቴን እንደነበሩ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶ ይመሰክራል። ዋንጫውን እንደ አራስ ልጅ ታቅፈውታል። አባዬም አብሮዎት ይጫወት እንደነበር እናቴ ነግራኛለች፤ ፎቶው ላይ ግን የለም። ስለዚያ ዘመን ስጠይቀው «ረስቼዋለሁ» ይለኝና ስፌቱን ይቀጥላል። ስለዚህ እርስዎን ልጠይቅ፦ አንጋፋ ምን ያደርጋል? ይምከሩኝ። እግረ መንገድዎን ደግሞ፣ ቢመችዎ ብቻ፣ የስፖርት ጫማ ቁጥር አርባ። የእኔ አፉን ከፍቷል።

የወንድምዎ ልጅ

ኅዳር 3 ቀን

ለተወደድሽው የወንድሜ ልጅ፣ ለካፒቴኗ፣

ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ሰላም እልሻለሁ። የምትረግጪው ይለምልም፣ የጀመርሽውን ፈጣሪ ያስጨርስሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኔ ለጤናዬ ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽን ምሳ ሰዓት ላይ ከማጠቢያ መኪኖቹ ጀርባ ተቀምጬ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እንደምታውቂው የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። በቀን አራት መቶ አንሶላ እናጥፋለን። እዚህ በሰው አገር ማንም ካፒቴን አይለኝም፤ «ባለ አንሶላው» ነው የሚሉኝ። አንቺ ግን ያን ፎቶ አነሳሽልኝና ሃያ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ ወሰድሽኝ።

እንግዲህ ስሚኝ። የአንጋፋ ሥራ አንድ ነው፤ ገመና መሸፈን። አሰልጣኝ ጥሩ ሰው ቢሆንም ባዳ ነው። እሱ የሚሮጠውን እግር ይወቅ፤ የሚያመውን እግር ካፒቴኑ ይወቀው። «ኑዛዜ» የሚባለው ነገር እስከ ዛሬ አለ ወይስ ጠፋ? ያስጀመርኩት እኔ ነኝ። በጨዋታው ዋዜማ ቡድኑ ዕቃ ክፍል ይገባል፣ አሰልጣኙ ውጭ ይቀራል። እያንዳንዱ የሚያመውን ለካፒቴኑ ይናገራል፤ ማን እንደሚሰለፍ ካፒቴኑ ይወስናል። ከዚያ በብጣሽ ወረቀት ላይ «ሁሉም ደህና» ብሎ ይጽፍና ፈርሞ ለአሰልጣኙ ይሰጣል። እዚያ የተነገረ እዚያው ይቀበራል። በዚህ ዓይነት ነው አንድ ቤተሰብ የሆንነው። ቡድን ያለ ምስጢር ገበያ ነው፤ ሁሉም የየራሱን ሸጦ ይሄዳል።

ጫማውን በሰው እልካለሁ። አንቺ ደግሞ የእያንዳንዱን ጨዋታ ውጤት ጻፊልኝ፤ አንሶላ ሳጥፍ የማስበው ነገር ይኑረኝ። ለወንድሜ ሰላምታ አቅርቢልኝ።

አጎትሽ

ኅዳር 29 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኛ ደህና ነን። ጫማው ደርሷል፣ እጅዎ ይባረክ። አርባ ነበር ያልኩት፣ የመጣው አርባ ሁለት ነው። አባዬ አገላብጦ አየውና «የራሱን ቁጥር ነው የላከው» አለ። ጫፉ ላይ ጨርቅ ጠቅጥቄበት ሮጬበታለሁ።

ውጤት፦ አራት ጨዋታ፣ አራት ድል። ሦስት ለባዶ፣ ሦስት ለአንድ፣ እንደገና ሦስት ለአንድ፣ ሦስት ለሁለት። ዝርዝሩን ለሌላ ቀን አቆየሁት፤ የሚቀድም ጉዳይ አለኝ።

ኑዛዜው አለ ጋሼ። የእርስዎ ፈጠራ መሆኑን ግን ማንም አያውቅም ነበር። እኔ አሮጌው የዝላይ ሳጥን ላይ እቀመጣለሁ፣ ልጆቹ የተጠቀለለው ምንጣፍ ላይ ይደረደራሉ። ክፍሉ ላስቲክና እርጥብ ግድግዳ ይሸታል። አንዷ ወገቧን ትናዘዛለች፣ አንዷ ቁርጭምጭሚቷን። ባለፈው አንዷ መቺያችን «እኔ የሚያመኝ ልቤ ነው» ብላ ስለ አንድ የማይረባ ልጅ ግማሽ ሰዓት አስለቀሰችን። እሷንም «ሁሉም ደህና» ብዬ ፈረምኩላት።

አሁን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ጭራሮ የምንላት የሁለተኛ ዓመት ልጅ አለችን። አቀባያችን ናት፤ ኳሱን ለእኛ ለመቺዎቹ ከፍ አድርጋ የምታመቻቸው እሷ ናት። ሌላ አቀባይ የለንም። እናቷ የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ናት። ልጅቷ ኮሌጅ የገባችው በኳስ ነው፤ ትምህርቱም አልጋውም ምግቡም የተሰጣት ስለምትጫወት ነው። ባለፈው ኑዛዜ ሁሉም ሲወጡ ቀረችና፦

«እማማ፣ ጉልበቴ ሲታጠፍ ቋ ይላል» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው ጨዋታ።»

«ያብጣል?»

«ማታ ማታ። ጠዋት ይቀንሳል።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

«አንቺ መች ለብቻዬ ጠየቅሽኝ?» አለችና ሳቀች።

ክሊኒክ ብወስዳት በዚያው ቀን ለአሰልጣኙ ያስታውቃሉ፤ ከቡድኑ ትወጣለች። የፍጻሜው ጨዋታ ደግሞ ጥር 15 ነው። አሰልጣኙ ጠርቶኝ «ዋንጫውን ካመጣሽ ረዳት አሰልጣኝ ሆነሽ ትቀጠሪያለሽ፤ ከዲኑ ጋር ተነጋግሬ ጨርሻለሁ» ብሎኛል። ሥራ እኮ ነው ጋሼ! ከእኛ ክፍል ተመርቀው ሁለት ዓመት ቤት የተቀመጡ አሉ።

እራት ላይ ለአባዬ ነገርኩት። «አቀባያችንን ጉልበቷን አሟታል» ስል ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሐኪም ይያት። ዛሬ ነገ ሳትሉ» አለና ተነስቶ ስፌት መኪናው ጋ ተቀመጠ። የሚሰፋ ነገር ግን አልነበረውም።

ምን ላድርግ? ቶሎ ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

ታኅሣሥ 19 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

መልስ አልደረሰኝም። ምናልባት ፖስታው መንገድ ላይ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ድጋሚ ጻፍኩ። የጭራሮ ጉልበት አሁን ጠዋትም አብጦ ነው የሚነሳው። ልጅቷ ግን እኔን ነው የምታየው፤ እኔ ደግሞ እርስዎን እጠብቃለሁ። ውጤት አልጻፍኩም፤ ሲመልሱልኝ እጽፋለሁ።

ታኅሣሥ 27 ቀን

ለተወደድሽው የወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም፣ ከኋላሽ ይከተል። የዘገየሁት ጉንፋን አጋድሞኝ ነው። አይ፣ ለምን ልዋሽሽ፤ ደብዳቤሽን አንብቤ መሳቢያ ውስጥ ከትቼው ነበር። የምለው ጠፍቶኝ ሳይሆን ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ልጅቷን ልምምድ ላይ አሳርፊያት፣ ጨዋታው ላይ አሰልፊያት። ጠዋትና ማታ ቀዝቃዛ ውኃ የነካ ጨርቅ ይደረግላት፤ ከጨዋታው በፊት አጥብቀሽ እሰሪላት። ጉልበት እንደ ሰው ነው፣ ካባበሉት ይታዘዛል። ሐኪም ምን ይላል? «እረፊ» ይላል። ይህን ለማለት መማር አያስፈልግም። አንድ ጨዋታ ነው የቀረው። ለአንድ ጨዋታ ብላ አልጋዋንና ትምህርቷን ትጣ? ለእሷም አስቢላት እንጂ። እኔም በዘመኔ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ ነበር። አሰለፍኩት፣ ዋንጫውን በላን፣ ማንም አልሞተም። «ሁሉም ደህና» ብለሽ ፈርሚ።

አንድ ነገር አደራ፦ የቡድንሽን ነገር ለአባትሽ አታውሪ። እሱ ስፌቱን ይስፋ። ይህንንም ደብዳቤ አታስነብቢው። ውጤቱን ቶሎ ጻፊልኝ።

አጎትሽ

ጥር 19 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ዋንጫውን በላን። ሦስት ለሁለት። የጠየቁኝ ውጤቱን ስለነበር እሱን አስቀደምኩ።

በዋዜማው ሁሉም ከወጡ በኋላ ጉልበቷን አሰርኩላት። ደጋግሜ ስፈታና ስቋጥር አይታ «ኧረ እማማ፣ የሚያመኝ እኮ እኔን ነው» ብላ ቀለደችብኝ። ከዚያ ቀልዱን ትታ «አንቺ ትችያለሽ ካልሽኝ እችላለሁ» አለች። ትችያለሽ አልኳት። ወረቀቱን ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ በር ላይ ለቆመው አሰልጣኝ ሰጠሁት።

አምስተኛው ዙር ላይ አሥራ ሁለት ለአሥራ ሁለት ነበርን። ኳሱ ከእጃችን አምልጦ ወደ ተቀያሪዎቹ ወንበር ሄደ። ማንም የሚደርስበት አልነበረም፤ እሷ ደረሰችበት። ዘላ ወደ ኋላዋ ላከችልኝ። እንደዚያ ያለ ኳስ በአራት ዓመት አልተሰጠኝም። መታሁት፤ ነጥቡ የእኛ ሆነ። አየር ላይ እያለሁ የሆነ ድምፅ ሰምቻለሁ፤ የወለሉ እንጨት መስሎኝ ነበር። ላቅፋት ስዞር መሬት ላይ ነች። አልጮኸችም። የማሊያዋን አንገትጌ ነክሳ ይዛለች።

በቃሬዛ አወጧት፤ እኛ የቀረውን ሁለት ነጥብ ተጫወትን። አዎ፣ ተጫወትን። ጭብጨባው ሲነሳ እሷ አምቡላንስ ውስጥ ነበረች።

ሐኪሙ ጅማቱ ተበጥሷል አለ። ከዚያ ወደ እኛ ዞሮ «ይህ የዛሬ ጉዳት ብቻ አይደለም፤ ከወር በላይ የቆየ ነው። ማን ነው ያሰለፋት?» አለ። አሰልጣኙ የእኔን ወረቀት ከኪሱ አወጣ።

አሁን ነገሩ እንዲህ ነው። በኮሌጁ ደንብ ጉዳቱን ደብቆ የተጫወተ ተማሪ ነፃ ቦታውን ያጣል። ተናግሮ የተጫወተ ግን አያጣም፤ ጥፋቱ ያሰለፈው ሰው ነው። ዲኑ አልጋዋ ድረስ መጥቶ «ለማን ተናገርሽ?» ሲላት «ለማንም» አለችው። እኔ አጠገቧ ቆሜያለሁ። አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ፣ ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እርስዎ ያስጀመሩትን ሕግ መጠበቋ ነው።

አሰልጣኙ መተላለፊያው ላይ ያዘኝና «አንቺ ምንም አታውቂም አይደል? የቅጥር ደብዳቤሽ ዲኑ ጠረጴዛ ላይ ነው» አለኝ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ። ኮሚቴው የካቲት 20 ይጠይቀኛል። አውቃለሁ ካልኩ እሷ ትምህርቷ ላይ ትቆያለች፣ እኔ ሥራውን አጣለሁ። አላውቅም ካልኩ እሷ ትወጣለች።

እንደ እውነቱ፣ ምን ማለት እንዳለብኝ ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም የምጽፍልዎት። ሌላ የሚነግረኝ ሰው ፈልጌ ነው።

የወንድምዎ ልጅ

የካቲት 1 ቀን

ለተወደድሽው የወንድሜ ልጅ፣

እንኳን ለዋንጫው አበቃሽ። ክንድሽ አይዛል፣ ስምሽ ይጠራ። ደብዳቤሽ በደረሰኝ በዚያው ሰዓት ነው የምጽፍልሽ፤ አለቃዬን አስፈቅጄ ወጥቼ።

ዝም በዪ። ዝም አይነቅዝም። ልጅቷ ራሷ ዝም ብላ አንቺ ምን ቤት ነሽ? የገዛ አፏን ልታስዋሺ ነው? አሁን ያለብሽ ስሜት ያልፋል፤ ሥራ ግን አንዴ ካለፈ አይመለስም። ነገ ሰው ስትሆኚ ትደርሺላታለሽ፣ ትክሻታለሽ። ሁለት ሰው ገደል አፋፍ ላይ ሲንጠለጠል አንዱ መውጣት አለበት፤ የወጣው ነው ለሌላው ገመድ የሚፈልገው። እኔም እንዲሁ ነው ያደረግኩት።

ይህን ደብዳቤ አንብበሽ ቅደጂው። አባትሽ ምን አለ? እንዳትነግሪው ብዬሻለሁ፤ ግን ሰምቶ ከሆነ ምን እንዳለ ጻፊልኝ።

አጎትሽ

መጋቢት 11 ቀን

ጋሼ፣

እስከ ዛሬ እርስዎ እያልኩ ጻፍኩ። ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ፤ አንተ እልሃለሁ።

የካቲት 20 ኮሚቴው ፊት ቀርቤ «አላውቅም» አልኩ። አምስት ሰዎች ነበሩ፤ አንደኛው ሻይ እየጠጣ ነበር። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። በሦስተኛው ቀን ጭራሮ በክራንች ከመኝታ ክፍሏ ወጣች። እናቷ ፍራሹን ለብቻዋ መሸከም ሲያቅታት እስከ ውጭው በር ያገዝኳት እኔ ነኝ። «ልጄን እንደ እህት ያየሽ፣ አምላክ ይይሽ» ብላ መረቀችኝ።

ከዚያ ጃኬት ተሰጠኝ። ጀርባው ላይ «ረዳት አሰልጣኝ» ይላል። እጅጌው ረዝሞብኝ አባዬ እንዲያሳጥረው ቤት አመጣሁት። አባዬ ልብስ ከመስፋቱ በፊት ኪሱን ይፈትሻል፤ የሰው ዕቃ እንዳይጠፋ ነው፣ የሃያ አምስት ዓመት ልማዱ ነው። ደብዳቤህን አልቀደድኩትም ነበር፤ እዚያው ኪስ ውስጥ ነበር።

ከሥራ ስመለስ ጃኬቱ ጠረጴዛው ላይ፣ ደብዳቤህ ጃኬቱ ላይ ነበር።

«ይህን አጎትሽ ነው የጻፈልሽ?»

«አዎ።»

«አንቺም ዝም አልሽ።»

«አዎ አባዬ።»

አልጮኸም። ቢጮኽ በተሻለኝ። ወንበር ስቦ ተቀመጠና እንዲህ አለኝ፦ «እኔም ነግሬው ነበር። እዚያው ዕቃ ክፍል፣ ሁሉም ከወጡ በኋላ። ጉልበቴ ሦስት ሳምንት አብጦ ነበር። ታላቅ ወንድምህ ትችላለህ ካለህ ትችላለህ ነው። በጨርቅ አሰረልኝ። ሁለተኛው ዙር ላይ ወደቅኩ። በማግስቱ ሆስፒታል መጣና ቡድኑ በሽልማት ውጭ አገር ለሥልጠና ሊላክ ነው፣ እያወቀ እንዳሰለፈኝ ከተሰማ ይቀራል አለኝ። ለእናታችን ከደረጃ ወደቅኩ በላት አለኝ። አልኳት። እሷም እስክትሞት ድረስ ያንን ደረጃ ስትረግም ኖረች።»

አንተ ከዚያ ሥልጠና አልተመለስክም። እሱ ቆሞ የሚሠራ ሥራ ስለማይሆንለት ልብስ ሰፊ ሆነ። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ ነው። ልጅ ሆኜ አባት የሚባል ሁሉ እያነከሰ የሚሄድ ይመስለኝ ነበር። «ማንም አልሞተም» ብለህ ጻፍክልኝ። አዎ፣ አልሞተም። በየቀኑ ከፊትህ ሲራመድ ያላየኸው ሰው መሞት አለመሞቱን በምን ታውቃለህ?

አንድ ነገር ግን አልክድም። እጄን ይዘህ አላስፈረምከኝም። ሥራውን ፈልጌው ነበር፤ አንተ የምፈልገውን ነገርከኝ፣ እኔም ምክር ነው ብዬ ተቀበልኩ። ሁለታችንንም የሚያዛምደን ደም ብቻ አይደለም ለካ።

ነገ ዲኑ ዘንድ እሄዳለሁ።

የወንድምህ ልጅ

ሚያዝያ 16 ቀን

ጋሼ፣

ለመጋቢቱ ደብዳቤዬ መልስ አልሰጠህም። አልተገረምኩም። የመጨረሻውን ውጤት ልጻፍልህና ይብቃን።

ዲኑን ሁሉንም ነገርኩት። ዋንጫችን ከጀርባው መደርደሪያ ላይ ነበር፤ አቧራ እንዳይነካው ላስቲክ አልብሰውታል። አዳመጠኝና «የእኔ ልጅ፣ መዝገቡ ተዘግቷል። ቦታው ለሌላ አቀባይ ተሰጥቷል፤ እሷን አባርሬ ልመልስ?» አለኝ። ቀጥሎ ሐሰተኛ ቃል ሰጥተሻል ብሎ ቅጥሬን ሰረዘ። ለዚህኛው መዝገቡ ክፍት ነበር። አሰልጣኙ ጃኬቱን ሲቀበለኝ «ምናለ ዝም ብትዪ? ጨርሰን ነበር እኮ» አለ። ከልቡ አዝኖልኝ ነው።

ከዚያ ጭራሮ ቤት ሄድኩ። እናቷ የምታጸዳው ትምህርት ቤት ጓሮ አንድ ክፍል ተሰጥቷቸዋል፤ አንድ አልጋ፣ አንድ መስኮት። እግሯን የተገለበጠ ባልዲ ላይ ሰቅላ የትናንሽ ልጆች ደብተር በወረቀት ትለብጣለች፤ ትምህርት ቤቱ ነው የሚሰጣት። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ይቅር በዪኝም አልኳት። ደብተሩን አስቀመጠች።

«አሁን አንቺም ሥራ የለሽም?»

«የለኝም።»

«እኔም አልተመለስኩም።»

«አልተመለስሽም።»

«ታዲያ ለምን ተናገርሽ?»

እውነት ስለሆነ ልላት ነበር፤ እውነቱን ከእሷ በላይ የሚያውቀው አልነበረም።

«በፊት ብትናገሪ እኔ እተርፍ ነበር» አለችኝ። «ጭራሽ ባትናገሪ አንቺ ትተርፊ ነበር። አልጋ ላይ ተኝቼ ለማንም አልነገርኩም ያልኩት ቢያንስ እማማ ሰው ትሁን ብዬ ነው። ሌላ የምሰጥሽ ነገር አልነበረኝም። እሱንም አበላሸሽው።»

ይህን ያለችኝ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አንጋፋው ማን እንደነበር ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ይህን ስትነግረኝ ቆሜ ነበር፤ ከዚያ በኋላም ተቀመጪ አላለችኝም።

የወንድምህ ልጅ

ሰኔ 22 ቀን

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታ አልደረድርልሽም፤ ከእኔ የሚመጣ ምርቃት ምን ያደርግልሻል? ሁለቱ ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። አባትሽ የነገረሽ ሁሉ እውነት ነው። እኔ ከምናገረው በላይ አሳምሮልኛል እንኳን።

የምጽፍልሽ ለአንድ ጉዳይ ነው። እዚህ ሆስፒታል ውስጥ ለጉልበት ድጋፍ የሚሠራ ባለሙያ አለ፤ ከቆዳና ከቀጭን ብረት፣ በሰው ልክ። ለዓመታት ያነከሰ ሰው ደረጃ ሲወጣበት በዓይኔ አይቻለሁ። አንሶላ ስወስድለት ተግባብተናል። ባለፈው ሳምንት የወንድሜን ነገር ነገርኩት። በዕድሜዬ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ሰማኝና «እሠራለታለሁ፤ የሚከፈል የለም። ልኩንና የትኛው እግር እንደሆነ አምጣልኝ» አለኝ።

ያሰርኩለት በገዛ እጄ ነው። ጨርቁ ሰማያዊ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ቋጠሮውን ወደ ውጭ እንዳደረግኩት አስታውሳለሁ። ያን ቀን ቁርስ ምን እንደበላን ሳይቀር አስታውሳለሁ። እግሩን ግን አላስታውስም። አራት ቀን አሰብኩ፤ ዓይኔን ስጨፍን አንዴ ቀኙ ይመጣል፣ አንዴ ግራው። ስንት ዓመት ሙሉ የማየው እሱን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የማየው ራሴን ሳስር ነው።

ቀኙ ነው ግራው? ይህችን ብቻ ጻፊልኝ። ሌላ አልጠይቅሽም።

አጎትሽ

ሐምሌ 9 ቀን

ለተከበሩ ጋሼ፣

ቀኙ ነው። ከጉልበቱ በላይ ዙሪያው አርባ አንድ፣ ከጉልበቱ በታች ሠላሳ አራት ሴንቲ ሜትር።

ድጋፉን እያሠሩለት መሆንዎን ለአባዬ ነግሬዋለሁ። መጀመሪያ አይሆንም አለ። ማታ ግን ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ሰጠኝና ሳልጠይቀው እግሩን ዘረጋልኝ። የትኛው እግር እንደሆነ እንደጠፋዎት አልነገርኩትም። ስለካው «ወንድሜም ተቀጥቷል። ይችን ጉልበት ሳያያት የሚያድርባት ሌሊት ያለች አይመስለኝም» አለኝ።

«የለችም አባዬ» አልኩት።

የወንድምዎ ልጅ